ገጽ አርባ አንድ

ለውድ እህቴ ለሚርያ፤

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ደረጃ መውጣት ቀለለሽ ወይስ አሁንም ግድግዳ እየደገፍሽ ነው? ዳንከን ደህና ነው? ልጆቹስ? የሃሊፋክስ ንፋስ እንደ ዱሮው እየገፈተረሽ ነው ወይስ ለምደሽው እንዳልነበረ ሆነ? እኛ ደህና ነን። ይህን ቃል ጽፌ ብዕሩን አስቀመጥኩት፤ ምድጃው ላይ እንጨት ጨመርኩና ተመልሼ አነበብኩት። ደህና ነን። አዎ፣ ይቆይ። አባባ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይሳደባል። ሐይቁ ገና አልለቀቀም፤ በረዶው አሁንም የጭነት መኪና ይሸከማል።

የላክሽው ሁለተኛው ክላሰር ደርሶኛል። ባለ ቀለሞቹ መለያዎችም ደርሰዋል፤ ቀዩ ለመድኃኒት፣ አረንጓዴው ለምግብ፣ ቢጫው ለእንቅልፍ፣ ሰማያዊው ለጠባይ። ከዕቃው ጋር ያለው ማስታወሻሽ ግን አጭር ነው። «ደብተር ገዛሁ ያልከኝ ለምንድን ነው? በክላሰሩ ጥሩ እየሄድን አልነበረም ወይ?» ትያለሽ። ጥያቄሽ ቀላል ነው። መልሱን ግን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ከፋሲካ በኋላ የአረጋውያን መኖሪያውን ወረቀት ይዘሽ እንደምትመጪ አውቃለሁ። አባባ እዚህ ቤት ይቆይ ወይስ ይሂድ የሚለውን የምትወስኚው እኔ በየወሩ በምልክልሽ ገጾች እንደሆነም አውቃለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ክላሰሩን አላማውም። ቡና ከፈሰሰበት ወረቀቱን አውጥቼ ሌላ እተካለሁ። የረሳሁት ነገር ካለ አንድ ወረቀት በመሀል አስገባለሁ። ወሩ ሲያልቅ ቀለበቶቹን ከፍቼ ቤተ መጻሕፍት እወስደውና ፎቶ ኮፒው ላይ ዘርግቼ አነሳልሻለሁ። ለሰነፍ ሰው የተሠራ ነው፤ እኔን ታውቂኛለሽ።

አባባ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠምዶታል። ቀለበቶቹን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ፣ ዘጋና «ይሄ ምንድን ነው? የቀበሮ ወጥመድ ነው?» አለኝ። ሚርያ ናት የላከችው ስለው «እሷ ከልጅነቷም ቆርቆሮ ትወዳለች» አለ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ጫካ ለጫካ መሬት ሲቀይስ የኖረ ሰው ነው፤ ለሱ ደብተር ማለት የተሰፋ፣ ጀርባው የጠነከረ፣ ከጃኬት ኪስ የሚገባና ዝናብ የማይፈራ ነው። ሕጉን ታስታውሺዋለሽ። ከመጻፍህ በፊት ለገጹ ቁጥር ስጠው። በላጲስ አትንካ። ከተሳሳትክ አንድ መስመር አስምርበት፣ ስህተቱ ከሥር ይነበብ፣ አጠገቡም የስምህን መነሻ ፊደል አኑር። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ የሒሳብ ደብተሬን በላጲስ አሽቼ ሲያገኘኝ ሙሉ ቅዳሜ እንጨት አስፈልጦኛል። አንቺ በመስኮት ሆነሽ ምላስሽን ታወጪብኝ ነበር።

አሁን ስለ ፌብሩዋሪ 10 ልንገርሽ።

በላክሁልሽ ኮፒ ላይ «ጸጥ ያለ ቀን። የዓሣ ሾርባ በላ። ራዲዮ ሰማ» ይላል። ጸጥ ያለ አልነበረም። ከምሳ በኋላ አባባን ራዲዮው አጠገብ አስቀምጬ ጓሮ ያለውን የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ሳውናውን፣ ላሞቅ ወጣሁ። እሳቱ ተያያዘ። ድንጋዩ ሞቀ። አግዳሚው ላይ፣ ልብሴን እንኳ ሳላወልቅ፣ ተቀመጥኩ። ማንም አልጠራኝም። ማንም ስንት ሰዓት ነው፣ ይሄ የማን ቤት ነው፣ እናትህ የት ሄደች አላለኝም። እንቅልፍ ወሰደኝ ብዬ ልዋሽሽ እችል ነበር፤ አልወሰደኝም። ነቅቼ፣ ዓይኔን ገልጬ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሆን ብዬ ተቀመጥኩ። መነሣት እንዳለብኝ አውቅ ነበር። አንድ እንጨት ደግሞ፣ ብዬ ጨመርኩ። አንድ ደግሞ።

ስወጣ የቤቱ በር ተበርግዷል። ራዲዮው ለባዶ ወንበር ያወራል።

ያገኘችው ጎረቤታችን ግሌንዳ ናት። በረዶው ላይ ዓሣ የምታጠምድበትን ቀዳዳ ልታይ ሐይቁ ላይ ወርዳ ኖሮ፣ ከመሀል ላይ ባርኔጣ የሌለው ሰው ጎንበስ ቀና ሲል አየች። መጥረቢያና አንድ እቅፍ ችካል ይዞ በረዶው ላይ መስመር እያወጣ ነበር። ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት፣ ጓንት የለ፣ ምን የለ። ስትጠጋው «አንቺ ሴት፣ ከመስመሬ ላይ ውረጂ!» ብሎ ጮኸባት። እሷም ታውቂያታለሽ፣ «ወርጃለሁ ጌታዬ፣ አሁን አንተ ደግሞ እዚህ ላይ ውጣ» ብላ ዓሣ የምትጭንበት ተጎታች ላይ አስቀምጣ እየጎተተች አመጣችው። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ። ሰውነቴ ከሳውናው ሙቀት ገና እንፋሎት ያወጣል። ግሌንዳ አየችኝ። «ሬይኖ፣ አንተ ሰውዬ፣ መልክህ ከሱ ይብሳል» አለችና ተጎታቿን ይዛ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች እንደ ሻማ ነጥተው ነበር። ለብ ባለ ውኃ ያዝኩለት። ስሜቱ ሲመለስለት እያመመው እንኳ «መስመሩ ተጣሟል፣ ሳይጨልም መመለስ አለብኝ» ይል ነበር። ቤት ድረስ የምትመጣለት ነርስ በማግስቱ አይታው ይድናል አለች፤ ድኗልም። እንዴት እንደሆነ ስትጠይቀኝ እንጨት ሲያስገባ ነው አልኳት። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ያን ዕለት ግን ሁሉንም ጽፌው ነበር፣ እህት ዓለም። የሳውናውን ሁለት ሰዓት ጭምር። ገጹ ከላይ እስከ ታች ሞልቶ ነበር። ወሩ ሲያልቅ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ፤ ፎቶ ኮፒው ፊት ቆሜ ያንን ገጽ ስደርስ እጄ ቀለበቶቹን ከፈተ። ቀጭ። ሌላ ድምፅ አልነበረውም። ወረቀት ሲቀደድ እንኳ ይጮኻል፤ ይሄ ቀጭ ብሎ ተከፈተ፣ ቀጭ ብሎ ተዘጋ። ከዚያም በፊተኛው ገጽ ግርጌ ባለችው ክፍት ቦታ ያቺን «ጸጥ ያለ ቀን» ጨመርኩባት። አንቺ አባባን እንዳትወስጂው ብዬ ነው፤ ለራሴ ያልኩት እንዲህ ነበር። አሁን ሳስበው ማንን እንደደበቅሁ እርግጠኛ አይደለሁም። ገጹን አጣጥፌ መሣሪያ ሣጥን ውስጥ ከመጋዙ ሥር አኖርኩት። ያላቃጠልኩት ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ያላወቅሁት ሌላ ነገርም ነበር። አባባ ጠዋት ጠዋት እኔ ምድጃ ሳቀጣጥል፣ ለዕለቱ ወረቀት በእርሳስ ቁጥር ይሰጥ ነበር። ከጥግ ላይ፣ የሩዝ ፍሬ በምታክል ቁጥር። ከጃንዋሪ መጀመሪያ ጀምሮ አንድም ቀን አልዘለለም። ዓመተ ምሕረቱን የማያውቅ ሰው።

ማርች 4 ቀን ጠዋት ቡና ይዤ ስመለስ ክላሰሩ ላይ አቀርቅሮ አውራ ጣቱን በምራቁ እያራሰ ይገልጣል። ሠላሳ ዘጠኝ። አርባ። አርባ ሁለት። መለሰ። አርባ። አርባ ሁለት። «አርባ አንድ የት ገባ?» አለኝ። «ምኑ?» አልኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ስኒ ማጠብ ጀመርኩ።

ፍራሹን ገለበጠ። የዳቦ ሣጥኑን አራገፈ። የምድጃውን አመድ በሹካ በተነ። በሁለተኛው ቀን የእማማን መሳቢያ ከፍቶ ሻርፖቿን አንድ በአንድ ዘረጋ። «አንድ ቁጥር ነው አባባ፣ ተሳስተህ ዘለኸው ይሆናል» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «እኔ ቁጥር አልዘልም። ጥዬው ነው። ጭንቅላቴ ነው የጣለው» አለ። ይህን የተናገረው በቁጣ አይደለም፤ በቁጣ ቢሆን እችለው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ነርሷ መጥታ እንደተለመደው ዛሬ ምን ቀን ነው፣ ወሩ ማን ይባላል ብላ ጠየቀችው። ሌላ ጊዜ «አንቺ ሳታውቂ ነው የምትጠይቂኝ?» ብሎ ያስቃት ነበር። ያን ቀን «ልጄ፣ እኔን አትጠይቂኝ፤ ገጽ የጣለ ሰው ነኝ» አላት። ሄል የገባበትን ዳቦ ወደዚያ ገፋው። ማታ ደግሞ ምንም ሳልጠይቀው «ሚርያ ትምጣና ትውሰደኝ፤ እኔ ከእንግዲህ ለመስክ አልሆንም» አለኝ።

እዚህ ላይ አንዴ ቆም በይልኝ። አንቺ አባባን እንዳትወስጂው ብዬ ያወጣሁት ገጽ ነው እሱን ራሱን ልሂድ ያሰኘው። እሱ ያልጣለውን ጣልኩ እያለ፣ የቀረችውን ያቺን አንድ የሚተማመንባት ነገር፣ መቁጠሩን፣ እጄ ላይ ጥሎ ሊሄድ ነው።

መሣሪያ ሣጥኑን ከፈትኩ። ገጹን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። «እኔ ነኝ ያወጣሁት» አልኩት። መጀመሪያ ጽሑፉን አላየም፤ ጥጉን አየ። አርባ አንድ። በጣቱ ዳሰሳት፤ ውርጭ በመታው ጣት። ከዚያ ማንበብ ጀመረ። አንድ ሰዓት ያህል አነበበ መሰለኝ፤ ምናልባት አምስት ደቂቃ ነው። ስለ ሳውናው ያለበት ላይ ሲደርስ ፊቱን ልመለከት አልቻልኩም፤ የምድጃውን በር ስመለከት ቆየሁ።

መጀመሪያ የጠየቀኝ «መስመሩን ጨረስኩት?» ብሎ ነው። አልጨረስከውም፣ ግሌንዳ አመጣችህ አልኩት። «ምን አግብቷት?» አለ። ከዚያ ደግሞ በመነጽሩ አናት ላይ አየኝ። «አንተ ሌባ። ይሄን ሁሉ ዓመት ምን አስተማርኩህ? ሰው የተሳሳተውን ይሰርዛል እንጂ ገጹን ይበላል?» አለኝ። ክላሰሩን አስከፈተኝና ገጽ አርባ ላይ «ጸጥ ያለ ቀን» የሚለው ላይ አንድ መስመር እንዳሰምር አዘዘኝ። «ፊደልህን» አለ። አኖርኩ። «አሁን ሳውናህን አሙቅ። ብቻህን አይደለም ታዲያ፤ እኔም እመጣለሁ» አለኝ። ዳቦውንም ወደ ራሱ ሳበው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ረስቶታል። ጣቴን ምን ነካው ብሎ ጠየቀኝ፤ እንደገና ነገርኩት፤ እንደገና ሌባ አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን አርባ አንድን አንድም ጊዜ አልፈለገም። ነገሩ ከጭንቅላቱ ቢወጣም ሰላሙ ቀረለት። ይህ እንዴት እንደሚሆን ነርሷን ብጠይቃት አላውቅም አለችኝ።

ደብተሩን የገዛሁት በማግስቱ ነው። ጥቁር፣ ልባሱ ጠንካራ፣ በክር የተሰፋ። ምቾት የለውም፣ እውነቱን ልንገርሽ። ፎቶ ኮፒው ላይ አይተኛም። መድኃኒቱ፣ ምግቡና ስድቡ አንድ ላይ ይደባለቃሉ፤ መለያዎችሽ የሚገቡበት የለም። ከሱቅ ስመለስ ግን አባባ ገልብጦ ስፌቱን አሳየኝ፤ ከዚህ በኩል አንድ ቅጠል ብትቀድ ከስፌቱ ማዶ ያለው ጓደኛው ይላላል፣ ውሎ አድሮ እሱም ይወድቃል። ብቻውን የሚወጣ ገጽ የለም። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የሚያስፈልገው ይህ ነው። ገጾቹን ሲቆጥር አንድ ቀን ተኩል ፈጀበት። መቶ አሥራ ሦስትን ሁለቴ ጻፋት፤ አንዷን በአንድ መስመር ሰርዞ የስሙን ፊደሎች «ኦ. ላ.» አኖረባት፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት በሚጽፋት በዚያችው ኦ።

ገጽ አርባ አንድን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ኮፒ አይደለም፤ ሦስቱም ቀዳዳዎቹ አሉበት። አንቺ ዘንድ ያለው የገጽ አርባ ኮፒ ላይ ግን መስመሩን አንቺው አስምሪበት። ስትመጪ ወረቀቱን ከመፈረምሽ በፊት አንድ ሳምንት ሰንብቺ፤ ደብተሩን አንብቢ፤ አንድ ሁለት ቀን አንቺ ጻፊበት። ከዚያ በኋላ ይሂድ ካልሽ ፊደሌን ካንቺ አጠገብ አኖራለሁ። ይቆይ ካልሽ ደግሞ ብቻዬን አልችለውም። ይህችን ዐረፍተ ነገር ከጃንዋሪ ጀምሮ መጻፍ ነበረብኝ፤ የትኛው ቀለም ውስጥ እንደምትገባ አጥቼ ነው።

ለዳንከን ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ የላከልኝ ጓንት በልኬ ነው። ለኤልሲ በፈተናሽ በርቺ በያት። ለትንሿ ለሞራግ ደግሞ አያቷ ያስቀመጠላት አንድ የችካል መዶሻ አላት በያት። ግሌንዳ ሰላም ብላሻለች፤ ተጎታቹ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው ብላለች። አባባ አሁን አጠገቤ ተቀምጦ የምጽፈውን በጎን እያየ ነው። ክላሰሩን አልጣልነውም፤ በአርባና በአርባ ሁለት መካከል አንድ ባዶ ወረቀት አስገብቶ «ተይዟል» ብሎ ጽፎበታል። ለሚርያ ምን ልበላት ስለው፣ «አንብባ ስትጨርስ ገጹን በፖስታ እንዳትልከው። በእጇ ይዛው ትምጣ» አለኝ።

ወንድምሽ ሬይኖ ላህቲነን

ታንደር ቤይ አቅራቢያ፣ ከሐይቁ ዳር
ማርች 22 ቀን 1998