ስምህ ያለበት ክዳን

ይድረስ ለወንድሜ ለአልሴ፤

እንዴት ነህ? ሚስትህስ? ልጆችህስ? ጉልበትህን ተሻለህ? ደህና መሆንህን እያወቅሁ እጠይቃለሁ፤ እናታችን ጤና ሳትጠይቅ ደብዳቤ ጀምራ አታውቅምና። ደህንነትህንማ በፎቶ አይቼዋለሁ። ሐይቅ ዳር፣ እግርህን ነክረህ፣ ባርኔጣህን አዘንብለህ። እኛ ከሌላ ውሃ በምንሸሽበት ቀን።

እኛ ደህና ነን። ቤቱን አላውቅም። የምጽፍልህ በስተሰሜን ካለ የመንገድ ዳር ሆቴል ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቀናል። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ጣሪያችን ይነሳል። እገልጣለሁ፤ የሆቴሉ ጣሪያ ነው። እንደገና እጨፍናለሁ።

ነሐሴ በመጣ ቁጥር ምክንያትህ አንድ ነው፤ «የማዕበል ወቅት ነው፣ እንዴት እመጣለሁ?» በብርዱ ወራት ደግሞ ልጆቹ ትምህርት አላቸው። እኛ በማዕበሉ ወቅት እንወልዳለን፣ እንድራለን፣ እንቀብራለን። ዘንድሮ ግን ቲኬት ቆርጫለሁ ስላልክ አባባ አመኑህ። ባሕሩ ላይ ገና ደመና ሲዞር አንተም ወደ ሐይቅህ ዞርክ። ለአፍ ዳገት የለውም፤ ተራራ ላይ ለሚኖር ሰው ደግሞ ጭራሽ ቁልቁለት ነው።

ማዕበሉ ደረሰ፣ ውጡ ሲባል ባሌ ዱድሊ መኪናውን ጫነ። አባባ ከቤቱ ሁሉ የመረጡት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እማማ ልትሞት ሰሞን አብስላ ያስቀመጠችልህን የባሚያና የሸርጣን ሾርባ። በአሮጌ የአይስክሬም ዕቃ ውስጥ፣ በማቀዝቀዣ በረዶ ሆኖ እንደ ድንጋይ ደርቆ፣ ክዳኑ ላይ ስምህን በእጇ የጻፈችበትን። በቀብሯ ማግስት በስልክ «ያስቀምጡልኝ፣ መጥቼ ከእርስዎ ጋር እበላዋለሁ» ያልካቸውን።

ዱድሊ «ኧረ አባባ፣ የሠርግ ፎቶውን ጥለን ሾርባ እናሽሽ?» ቢላቸው፣ «ፎቶ አይበላም፤ ንዳ!» አሉት። መኪና በመኪና ላይ ተደርድሮ መንገዱ አልንቀሳቀስ ሲል፣ ሾርባው ያለበትን የበረዶ ሳጥን እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ነበር። ነዳጅ ማደያዎቹ ዘንድ በረዶ አልቋል። የሆቴሉም ማቀዝቀዣ የሚያቀዘቅዘው ወሬ ብቻ ነው።

ከዚያ ደወልክ። «እንኳን ተረፋችሁ» አልክ፤ ይኼስ ደግ። ቀጥለህ «እዚያ ረግረግ ውስጥ ምን ትሠራላችሁ? አእምሮ የላችሁም?» አልክ። ሾርባህ እየቀለጠ ነው አልኩህ።

«የምን ሾርባ?»

የስልኩ ድምፅ ለሁሉም ይሰማ ነበር፤ አባባ አጠገቤ ናቸው። አንተ ልጅህ ስላጠመደው ዓሣ ማውራት ቀጠልክ።

ስልኩን ስዘጋ አባባ ሳጥኑን ከጭናቸው አወረዱ። «ሶላንዥ፣ አሙቂው» አሉ። «የልጅዎ ነውኮ» አልኳቸው፤ ለምን እንደተሟገትኩልህ እኔም አላውቅም። «የራበው ይብላው» አሉ።

የሆቴሉ መኪና ማቆሚያ ገበያ መስሏል። የሸሸው ሁሉ የቀለጠበትን ሥጋና ዓሣ በየቡታጋዙ ይጠብሳል። ኤርሚን የሚባሉ ከወዲያኛው የባሕር ዳርቻ የመጡ አሮጊት ምድጃቸውን አዋሱን። አንድ ማንኪያ ቀመሱ። ከዚያ «ይቺ ሴት በቅባት የቆላችውን የሾርባውን ዱቄት ሊያርርባት አንድ ትንፋሽ ሲቀር ነው ከእሳት ያወረደችው። ወዴት ናት?» አሉ።

«ቤት ናት» አሉ አባባ። እንግዲህ መቃብሩም እንደ ቤቱ ነው። መኖሩን የነገረን የለም።

በላነው፤ ለማያውቁንም አዳረስን። አባባ ድርሻቸውን በልተው ያንተንም ደገሙ፤ ዕቃውን በዳቦ ጠረጉት። ጨው በዝቶበታል አልሴ። እማማ ጨው የምታበዛው ስትቆጣ ነበር። እንደማትመጣ ያኔም ሳታውቅ አልቀረችም።

ለሚስትህ ሰላም በልልኝ፤ ባሚያ ያዝለገልጋል የምትለው ምላሷ ደህና ትሁን። ልጆችህን ሳምልኝ፤ አባባ ስማቸውን በየጸሎቱ ይጠራሉ፣ መልካቸውን ግን መንገድ ላይ ቢያገኙ አይለዩትም። ለውሻችሁም ሰላምታዬ ይድረሰው፤ እሱ እንኳ የሐይቅ ጉዞው አልተሰረዘበትም። ዱድሊ ሰላም ብሎሃል። አባባ ግን በይልኝ ያሉኝ ነገር የለም።

ዕቃው ፖስታ ውስጥ አይገባም፤ ክዳኑን ልኬልሃለሁ። በሳሙና ደጋግሜ አሸሁት፤ ስምህ አልለቀቀም።

እህትህ ሶላንዥ
ሰሜን ሉዊዚያና፣ ከመንገድ ዳር ሆቴል
ነሐሴ 24 ቀን