አባባ የወደዱት መጽሐፍ

ይድረስ ካይሮ ላለኸው ወንድሜ ዐፊፍ። አሰላሙ ዐለይኩም፤ ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? እኛ ደማስቆዎች፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን።

በለሱ ዘንድሮ ጎንበስ እስኪል አፍርቷል፤ የሚለቅመው ግን የለም። አባባ መስጊድ ማስተማሩን ትተው ቤት ነው የሚውሉት። ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ብርድ መቷቸው ነው» እላለሁ፤ በዚህ ሐሩር!

ማክሰኞ አንድ ተማሪ ከሰመርቀንድ መጣ። አባባ ሃያ ዓመት ደክመው የጻፉትን መጽሐፍ እፊታቸው አንብቦ፣ የማስተማር ፈቃድ ሊቀበል ነው። ልመልሰው ብል «እህቴ፣ አራት ወር ተጉዤ ነው የመጣሁት» ብሎ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ምን ላድርግ? አስገባሁት።

አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሰላት ድረስ አዳመጡት። አንዴም አላረሙትም። አንተን ለአንዲት ፊደል ስንት ቀን ያስለቀሱህ ሰውዬ! ሲጨርስ እንባቸውን ጠርገው፣

«ልጄ፣ እንዲህ ያለ ዐዋቂ በዘመኔ አላየሁም። ማን ነው የጻፈው?» አሉት።

ተማሪው እኔን አየኝ። «አባባ ቀልድ ይወዳሉ» አልኩት ቶሎ ብዬ።

«በሕይወት አለ?» አሉ ደግመው።

ተማሪው አቀርቅሮ መጽሐፉን ከደነ።

«እንግዲያው አላህ ይዘንለት» ብለው ለዱዓ እጃቸውን ዘረጉ። ተማሪውም እኔም አሚን አልን።

ሙቀቱ ነው መሰለኝ ያደከማቸው። አንተም ትምህርቱ ይቆይህና፣ በለሱ ሳያልቅ ና። ስትገባ ግን እንደ ድሮው ዘለህ አትቀፋቸው፤ መጀመሪያ ከበሩ ላይ ቆመህ «ልጅዎ ዐፊፍ ነኝ» በላቸው።

በሰላም ያገናኘን።
እህትህ ረይታ