ከምሽጉ ጨለማ ክፍል እስከ ጋዜጣ፦ የአቶ ገብረ ኪዳን ባዘዘው የሕይወት ታሪክ

አቶ ገብረ ኪዳን ባዘዘው ከአባታቸው ከቄስ ባዘዘው ታረቀኝና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደብሪቱ ወልደ ሚካኤል በጎጃም፣ በአምበር አካባቢ በ1907 ዓ.ም. በመስቀል ሰሞን ተወለዱ። ታላቅ ወንድማቸው እንዳላማው ከአባታቸው ጋር እርሻውን ሲይዙ እሳቸው ለትምህርት ተሰጡ። ዳዊት ከደገሙ በኋላ ዲማ ገብተው ቅኔ ተማሩ። ድምፃቸው ለዜማ የማይመች ስለ ነበረ መምህራቸው ይስቁባቸው ነበር፤ እሳቸውም ይህንኑ እያነሡ እስከ እርጅናቸው ይስቁ ነበር።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ሲገባ ገብረ ኪዳን ገና ከትምህርታቸው አልወጡም። በ1930 ዓ.ም. ጎጃም ሲያምፅ እንዳላማው ጠመንጃቸውን ይዘው ዱር ገቡ። በዚያው ዓመት ገብረ ኪዳን ለእናታቸው ጨው ሊገዙ ደብረ ማርቆስ ገበያ ሲወጡ፣ ከከተማው መግቢያ ላይ ከሌሎች መንገደኞች ጋር ተይዘው ወደ ምሽጉ ተወሰዱ።

በምሽጉ ግቢ የተያዙት ሁሉ ትከሻቸው ተገልጦ የጠመንጃ ማንገቻ ምልክት ሲፈለግባቸው፣ ብሩኔቲ የሚባል የጦሩ ፎቶግራፍ አንሺ የገብረ ኪዳንን እጅ ይዞ ገልበጥ አድርጎ አየ። ከዚያም በአስተርጓሚው አፍ እንዲህ አላቸው፦

«ይኸ እጅ አርሶም ተኩሶም አያውቅም። ከዛሬ ጀምሮ ፎቶው የሚቀረጽበትን መስተዋት በመድኃኒት ታጥባለህ። እናትህ አምበር እንዳሉ ነግረኸናል። ብትጠፋ ቤታቸው ይቃጠላል።»

አቶ ገብረ ኪዳን የፎቶግራፍ ሥራን የጀመሩት እንዲህ ነው። ወደውት አልገቡበትም።

የሥራው ቦታ መስኮቱ በሳንቃና በጥቁር ጨርቅ የተደፈነ፣ በቀይ ፋኖስ ብቻ የሚታይ አንድ ጠባብ ክፍል ነበር። የመድኃኒቱ ሽታ ከልብሳቸው አልፎ ከእንጀራው ይገባ ነበር። ጥፍራቸውም ጠቆረ። ብሩኔቲ መስተዋቱን ማጠብ ካስተማራቸው በኋላ ማንሣቱንም አስተማራቸው። ለጣሊያን ሊገባ የመጣ አርበኛ ሁሉ ጠመንጃውን አስረክቦ ፊቱን መነሣት ነበረበትና ሥራው ለአንድ ሰው በዝቶ ነበር። ምስሉ ከአዛዡ ቢሮ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ተመልሶ ዱር የገባ እንደ ሆነ ወታደር ያንን ምስል ይዞ ገበያ ለገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን ለቤተ ክርስቲያን ይፈልገዋል። ገብረ ኪዳን ፊቱን በእጃቸው አጥበው ያወጡትን ሰው በኋላ ከአደባባይ ተሰቅሎ ያዩበት ጊዜ ነበር።

ወይዘሮ ደብሪቱ ለገበያ ሲወጡ ከእሾህ ሽቦው ማዶ ቆመው ልጃቸውን ያዩ ነበር። ከጎናቸው የሚያልፈው ሰው «የባንዳው እናት» ሲላቸው ግን ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ይሄዳሉ። ገብረ ኪዳን ቢጠፉ እናታቸው ይቃጠሉባቸዋል፤ ቢቀመጡ እናታቸው ይሰደቡባቸዋል። ውጭ የሚጠብቃቸውም አርበኛ ቢያገኛቸው የሚምራቸው አልነበረም።

በ1931 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የእንዳላማው ባለቤት ወይዘሮ ሥራነሽ ሕፃን እንደ ታቀፉ ተይዘው ምሽግ ገቡ። ሕፃኗ ይህንን ታሪክ የምትጽፈው ወለተ ኪዳን ናት። ሥራነሽ የባላቸውን ስም ለውጠው ተናገሩ። ባልየው ጠመንጃውን ይዞ ካልገባ እናትና ልጅ እንደማይለቀቁ ተነገረ። እንዳላማው ይህንን ሰምተው በዚያው በተለወጠው ስም ሊገቡ መጡ።

ገብረ ኪዳን ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንበው በካሜራው ሲመለከቱ ወንድማቸው ተዘቅዝቀው ታዩአቸው። ካሜራው ሰውን ሁሉ እንዲያ ነበር የሚያሳየው።  አስተርጓሚው ከበሩ አጠገብ ስለ ቆመ የወንድማቸውን ጋቢ የሚያስተካክሉ መስለው ተጠጉ።

«አንተ ነህ የምታነሣኝ?» አሉ እንዳላማው፣ ከንፈራቸውን ብዙም ሳያንቀሳቅሱ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ፊትህ አይወጣም። ሲለቋችሁ ዛሬውኑ ሂዱ።»

«እንደ ምን አምንሃለሁ?»

«አትመነኝ። ሂድ ብቻ።»

ከዚያ ጮክ ብለው «አትነቃነቅ!» አሉና አነሡአቸው። ሁለቱ ወንድማማቾች ከዚያ በኋላ አልተገናኙም።

በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ እናትና ልጅ ተለቀቁ፤ እንዳላማውም ይዘዋቸው ተሰወሩ። ገብረ ኪዳን ጨለማው ክፍል ገብተው፣ መስተዋቱ ከመድኃኒቱ ሳይነከር በሩን ገርበብ አድርገው ብርሃን አስገቡበት። ከመድኃኒቱ ሲነከር መስተዋቱ ከዳር እስከ ዳር ጠቆረ። በማግሥቱ ብሩኔቲ ሲያየው ሰውየውን እንደ ገና ማንሣት አስፈለገ፤ ሰውየው የለም።

«ተሳስቼ ነው፤ በሩ ተከፈተብኝ» አሉ።

አለንጋ ወረደባቸው። ሌላ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ አልገደሏቸውም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ ከውጭ ይቆለፍባቸው ጀመር። ሲፈለጉ ይወጣሉ፤ ሥራው ሲያልቅ ይዘጋባቸዋል። ዳዊቱን በቃላቸው እየደገሙ ቀኑንና ሌሊቱን ይለዩ እንደ ነበር፣ አንዳንድ ጊዜም የት እንደ ደረሱ ጠፍቷቸው ከመጀመሪያው እንደሚነሡ ነግረውናል። በ1932 ዓ.ም. እንዳላማው በውጊያ መውደቃቸውን የሰሙት ከዚያው ክፍል ውስጥ ሆነው፣ ወታደሮች በበሩ ሲያልፉ ሲያወሩ ነው። ማልቀስ አልቻሉም። የተለቀሰለት ሰው ማን እንደ ሆነ ይጠየቃልና።

በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ለቆ ሲወጣ፣ ረስቷቸው ይሁን አውቆ፣ በሩን እንደ ቆለፈባቸው ሄደ። የመኪናው ጩኸት እየራቀ ሄዶ ጠፋ።  ቆይቶ እልልታ ሲሰሙ በሩን በቡጢ ደበደቡ። የከፈቱላቸው አርበኞች ግን የጠቆረ ጥፍራቸውን ሲያዩ የምሽጉ ፎቶ አንሺ መሆናቸውን አወቁና የኋሊት አሰሯቸው። ከሌሎች ባንዶች ጋር ሊወሰዱ ሲሉ ሥራነሽ ልጃቸውን አዝለው ሰዉን እየገፉ ደረሱ።

«ፍቱት! እንዳላማው ከዚህ ግቢ ከወጣ በኋላ ዓመት ሙሉ ገበያ መሐል ሲመላለስ ያወቀው የለም። ለምን ይመስላችኋል? ይኸ ሰው ፊቱን አጥፍቶለት ነው!» አሉ።

የአርበኞቹ አለቃ ጥቂት አሰቡና ገመዱን አስፈቱላቸው። ሥራነሽ ጠጋ ብለው «እንግዲያ የእሱን ፎቶ ደብቀህ ከሆነ ስጠኝ፤ ልጅቱ አባቷን ትየው» ቢሏቸው ገብረ ኪዳን ከእግራቸው ላይ ወደቁ። እንዳላማው ሌላ ፎቶ ኖሯቸው አያውቅም።

ብሩኔቲ ትልቁን ካሜራ ከብዶት ትቶት ሄዶ ነበር። ገብረ ኪዳን በዚያው ቀን ከሞት እንደ ተረፉ አወጡትና ከምሽጉ በር ላይ ተከሉት። ያነሡት አለቆቹን አልነበረም። እስረኛ ዘመዳቸውን ፍለጋ ከየአገሩ መጥተው፣ ከሚወጣው ሰው መካከል የልጃቸውን ፊት የሚያማትሩትን እናቶች አነሡ። ከአርበኞቹ ጦር ጋር የመጣ አንድ የጋዜጣ ሰው ሥራቸውን አይቶ መስተዋቶቹን አዲስ አበባ ወሰደ። ምስሉ በጋዜጣ ላይ ወጣ።

ወደ አምበር ሲመለሱ እናታቸው አቅፈው ተቀበሏቸው፤ ጎረቤት ግን ሰላምታቸውን አልመለሰም። የሥራነሽ ምስክርነት ከደብረ ማርቆስ አምበር አልደረሰም፣ ደርሶም ከሆነ አልታመነም። ዓመት ሳይሞላ አዲስ አበባ ወረዱና በዚያው ጋዜጣ ተቀጠሩ። በ1936 ዓ.ም. ከወይዘሮ የብርጓል አበረ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ፍቅረ ሥላሴንና አመተ ሥላሴን ወለዱ። ሥራነሽ በ1937 ዓ.ም. ሲያርፉ ወለተ ኪዳንን ከልጆቻቸው ሳይለዩ አሳደጉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጎርፉን፣ ረሃቡን፣ የባቡሩን አደጋ ሲያነሡ ኖረዋል። ጨለማ ክፍል ብቻቸውን አይገቡም ነበር፤ ወይዘሮ የብርጓል አብረዋቸው ተቀምጠው የሠፈሩን ወሬ ያወሩላቸዋል።

ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተዋል። ባለፈው ወር ከአልጋቸው ላይ ሆነው ልጃቸውን ጠየቁ፦

«ወለቴ፣ አምበር ብትወስዱኝ የሚቀብረኝ አገኝ ይሆን?»

«እንጃ፣ አባባ። ልጠይቅልዎ።»

ወደ አገር ቤት ሰው ላክን። መልሱ ሳይመጣ አቶ ገብረ ኪዳን የካቲት 11 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በ74 ዓመታቸው ዐረፉ። መልሱ የደረሰን በማግሥቱ ነው። የአምበር ሽማግሌዎች የላኩት ቃል ይህ ነበር፦ «መቃብሩን ቆፍረናል። ልጃችንን አምጡልን።»

ባለቤታቸውን ወይዘሮ የብርጓልን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ዛሬ ደጃችሁን የከፈታችሁልን የአምበር ሰዎች፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። የአባታችንንም ነፍስ፣ ማንም ከማንም ፊቱን በማይሰውርበት አገሩ ያሳርፍልን። አሜን።