ወይዘሮ ውባንች ለይኩንና የተሰፉት ገጾች

ወይዘሮ ውባንች ለይኩን ከአባታቸው ከአቶ ለይኩን ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እንጉዳይ ዘሩ በታች አርማጭሆ፣ ሳንጃ ከተማ በ1951 ዓ.ም. ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ጀምረው፣ ጎንደር ዘመድ ቤት ተቀምጠው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ በላይ ለመቀጠል ቢመኙም እናታቸው ስለታመሙ ተመለሱ። ንባብን ግን አልተዉም፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት እንኳ ሳያነቡ አይጥሉም ነበር።

በ1973 ዓ.ም. ከትራክተር ነጂው ከአቶ ሸጋው አንለይ ጋር ትዳር መሥርተው አብደራፊ ገቡ። እዚያም በሰሊጥ መጋዘን የጆንያ አፍ እየሰፉ ለዓመታት ሠሩ። እጃቸው ፈጣን ነበር፤ ምላሳቸውም ከእጃቸው አይዘገይም። በ1980 ዓ.ም. አንድ ልጃቸውን ብርቄን ወለዱ። አቶ ሸጋው በ1999 ዓ.ም. በሞት ሲለዩአቸው መተማ ዮሐንስ መጥተው በልብስ ስፌት ይተዳደሩ ጀመር።

ብርቄ አድጋ አቶ አዱኛን አግብታ፣ ከባሏ ጋር አብደራፊ የእርሻ ካምፕ ስትኖር፣ የካምፑ ኑሮ ለሕፃን ይከብዳል ብላ ልጇን መንበረን እናቷ ዘንድ አስቀመጠቻት። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ብርቄን ወባ ጣላት። የእርሻው መንገድ በጭቃ ተቆርጦ ስለነበር ሐኪም ዘንድ ሳትደርስ አረፈች፤ እዚያው ተቀበረች። መንበረ ያን ጊዜ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች።

በአገራችን ለሕፃን መርዶ አይነገርም። «እናትሽ ለሕክምና ጎንደር ሄዳለች» ተባለች። ሐሳቡ የወይዘሮ ውባንች ነበር፤ አባቷም ቤተሰቡም ተስማማ። ለጊዜው ተብሎ የተጀመረው ነገር ዓመታት ቆየ።

በ2016 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ ወይዘሮ ውባንች መንበረን ቤት ማስተማር ጀመሩ። ሲከፈትም አልላኳትም። ለጠያቂ «መንገዱ አያስተማምንም» ይበሉ እንጂ የፈሩት የልጆችን አፍ ነበር። ጎረቤታቸው ወይዘሮ መጂዳ ለሱቃቸው ሳሙናና ዘይት ሲያስመጡ ከጎንደር የልጆች መጽሐፍ ያስጨምሩላቸዋል። ወይዘሮ ውባንች እያንዳንዱን አስቀድመው ብቻቸውን ያነቡታል። እናት የምትሞትበት ገጽ ካጋጠማቸው እንደ ጆንያ አፍ ከቀጣዩ ገጽ ጋር ዙሪያውን በነጭ ክር ይሰፉታል። መንበረ ስትጠይቅ «ይኸ ሲያድጉ የሚነበብ ነው» ይሏታል።

ተረትም ቢሆን ከፍተሻ አያመልጥም። በሰሊጥ አጨዳ ከጎጃምና ከወሎ የሚመጡትን ሠራተኞች እራት ጋብዘው ተረት ሲያስነግሩ «መጀመሪያ ለእኔ» ይላሉ። አንዱ የጎጃም ሰው የተፈቀደለትን ተረት ጀምሮ፣ ረስቶ መሃል ላይ የእንጀራ እናት አስገባ። ወይዘሮ ውባንች ጉሮሯቸውን ጠርገው ሳሉበት። ሰውየው ደንግጦ የእንጀራ እናቲቱን አክስት አደረጋት።

ካነበቡ በኋላ ሁልጊዜ ክርክር ነበር። ጥንቸል ጅብን አታልላ ስታመልጥ ሌላው ይስቃል፤ መንበረ ግን «ጅቧስ ለልጆቿ ምን ይዛ ትገባለች?» ብላ ጠየቀች። አያቷ ይህን ለመጣው ሰው ሁሉ ሲያወሩ ከረሙ። ወይዘሮ መጂዳ ግን ልጅቷ ትልቅ እየሆነች መሄዷን አይተው «ውቤ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ንገሪያት እንጂ» ማለታቸውን አልተዉም። ወይዘሮ ውባንች «ዘንድሮ ትለፍና» እያሉ ያሳልፉት ነበር።

በ2017 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጀመራቸው። ጎንደር ሄደው እንዲታከሙ ቢነገራቸው እምቢ አሉ። ታናሽ ወንድማቸው አቶ ቢሆነኝ ተቆጥተው ምክንያቱን ሲጠይቁ፣ «እናቷ ጎንደር ሄዳ ቀረች። እኔም ጎንደር ልሂድባት?» ብለው መለሱ። ቤተሰቡ ለመነ፣ ሽማግሌ ላከ፤ አልሆነም። በሽታው እየጸና ሄደ።

መስከረም 2018 ዓ.ም. መንበረ ከተሰፉት መጻሕፍት አንዱን አነሣች። እርሳቸው ስፌት ሲያለማምዷት ባሳዩዋት መንገድ ክሩን ሳትበጥስ ከቋጠሮው ፈትታ፣ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ ጮክ ብላ አነበበች። ታሪኩ እናቷ ስለሞተችባት ጥጃ ነው። ስትጨርስም እንደ ወትሮው ጥያቄ አመጣች፤ «ጥጃዋ ለምን አላለቀሰችም?»

 ልጅቷ ራሷ መለሰች፦ «አያቷ እንዳያለቅሱ ብላ ነው። እኔም አንቱ እንዳያለቅሱ ብዬ ነው ዝም ያልሁ።»

ለካ የሰፈር ሴቶች «ይህች የብርቄ ልጅ፣ እናቷን ሳትጠግብ» ሲሉ ከአጥር ማዶ ሰምታ ከርማለች።

ያን ቀን አያትና የልጅ ልጅ ለብርቄ አብረው አለቀሱ። ወይዘሮ ውባንች በማግሥቱ ጎንደር ለመሄድ እሺ አሉ፤ መንበረም አብራ ሄደች። ሐኪሞቹ ግን ጊዜው ማለፉን ተናገሩ። ይህ ቤተሰቡን እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል። እርሳቸው ልጅ ከማስለቀስ መታመም የሚቀልላቸው ሰው ነበሩ።

ወደ መተማ ከተመለሱ በኋላ እርሳቸው ተኝተው እየሰሙ፣ መንበረ የቀሩትን ገጾች እየፈታች አነበበችላቸው። ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። በመጨረሻዋ ሰዓት ዘመድ ልጅቷን ከቤት እናውጣት ሲል አባቷ አይሆንም አለ፤ የአያቷን እጅ ይዛ ሸኘቻቸው።

ወይዘሮ ውባንች የልጅ ልጃቸውን መንበረ አዱኛን፣ አማቻቸውን አቶ አዱኛን፣ ወንድማቸውን አቶ ቢሆነኝ ለይኩንን፣ እንዲሁም እንደ እህት የሆኗቸውን ወይዘሮ መጂዳን በኀዘን ትተው ሄደዋል።

ይህ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ለመንበረ ተነቦላታል። እስከ መጨረሻው ሰምታ «የሰፋችሁት ገጽ አለ?» አለች። የለም ተባለች።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከልጃቸው ከብርቄ ጎን ያሳርፍልን።