ስለ እድራችን አስከሬን መኪና ጎማ፣ ለክቡር ሊቀመንበራችን

ይድረስ ለተከበሩ ለአቶ ገድሉ፤ በባሕር ዳር የሐይቅ ዳር ሠፈራችን እድር ሊቀመንበርና፣ ካለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ወዲህ ደግሞ የጎማ ሊቅ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎስ ደህና ነው? እኔ የእድሩ መኪና የበጎ ፈቃድ ሾፌር ቃለ ሕይወት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጎማ ከመንፋት በተረፈኝ ጊዜ ሁሉ ደህና ነኝ።

እንደሚያስታውሱት፣ አስከሬን የምታመላልሰው የ1950ዎቹ ፔጇችን አዲስ ጎማ ባስፈለጋት ጊዜ፣ እኔና ጎሚስታው ኪሩቤል ቸርኬዋ እየተበሳ በሪቤት የተያያዘ ስለሆነ ያለ ከመነዳሪ፣ ማለትም ያለ ውስጥ ጎማው፣ አየር አይይዝም ብለን ነበር። እርስዎ ግን ከመነዳሪ ያለፈበት ነገር ነው፣ ዘመኑ ያለ ከመነዳሪ የሚነፋው የቱብለስ ነው ብለው ለድምፅ አቀረቡት፤ ጉባኤውም ምሳ ደርሶበት ስለነበር እጁን ቶሎ አወጣ። ቸርኬዋ ስብሰባው ላይ ስላልተገኘ ውሳኔውን ሳይሰማ ቀርቷልና፣ የሚከተለውን ቅሬታ በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. ቱብለስ ሚስማር ቢወጋው እንኳ ቀስ ብሎ ነው የሚተነፍስ ያሉን እውነት ሆኖ አግኝተነዋል። የነፍስ ኄር አቶ ምናሴን አስከሬን ይዤ ወደ ሰባታሚት ለቀብር ስነዳ፣ አንድም ሚስማር ሳይነካው፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ በአራቱም በኩል ተንፍሷል።

2ኛ. ቀባሪው ከአንድ ብስክሌተኛ መንፊያ ተውሶ በየተራ ሲነፋ፣ አልቃሾቹ የሟችን ሙያ ዘርዝረው ስለጨረሱ የመኪናዋን ጀመሩ። የሟች ባለቤት ወይዘሮ እናትዓለም በሐዘናቸው መሐል ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሲስቁ ታይተዋል፤ ለዚህ ማጽናኛ ምስጋናችን ወሰን የለውም።

3ኛ. ቀብር ላይ የዘገየ አባል በጽሑፍ ይገሠጻል የሚለውን ደንብ አክብረው ለእኔ ሁለተኛውን ማስጠንቀቂያ ሰጥተውኛል። አስከሬኑም ከእኔ እኩል የዘገየ ሆኖ ሳለ ለሟች አለመጻፍዎን እንደ ልዩ አስተያየት ቆጥረነዋል።

4ኛ. ከጎማው የወጡትን አሮጌ ከመነዳሪዎች የልጅ ልጆችዎ ጣና ላይ ሲንሳፈፉባቸው አይተናል። ልጆቹን እግዜር ያሳድግልዎት፤ ከመነዳሪዎቹ አየር እንደሚይዙ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላስፈለገንም።

አሁን ቀልዱን ትቼ አንድ ነገር ልበል። ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ ከእድር ያስወጣል። እናቴ ወይዘሮ የሺመቤት በእኔ አባልነት የሚቀበሩ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ገፍቷል፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህም እህል አልበላ ብሏቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ለቅሶ ሳያጓድሉ ኖረው፣ እኔ በእርስዎ ጎማ ተባርሬ እሳቸው ቀባሪ ቢያጡ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ልጆቹ ዋናቸውን ሲጨርሱ ከመነዳሪዎቹ ደርቀው ወደ ጎማው ይመለሱልኝ፤ ማስጠንቀቂያዎቹም ይነሡልኝ ዘንድ እለምናለሁ።

ጥበብዎ ለሌሎች እድሮችም እንዲተርፍ፣ ከተቻለም ወደዚያው እንዲዛወር እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፤

ትሑት አገልጋይዎና ለጊዜው የእድሩ አባል፣
ቃለ ሕይወት ገብረ መስቀል

ማሳሰቢያ፦ እናቴ የጎማውን ነገር ሲሰሙ፣ በዚያ መኪና ከምሄድስ አልሞትም ብለው እህል መቅመስ ጀምረዋል፤ ሐኪም ያቃተውን ስላደረጉልን እናመሰግናለን። እርስዎም ታዲያ ራስዎን ይጠብቁልን፤ ቢሞቱብን የምናደርስበት መኪና የለንም።