የእማዬ ጉልበትና የእኔ ፍል ውሃ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ፣ እህትም እናትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ እታለሜ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለው? ጋሼስ እንዴት ነው? ያን ክፉ ጥርሱን አስነቀለ ወይስ አሁንም ጉንጩን ይዞ ጥርስ ያለውን ሰው ሁሉ ይቆጣል? ልጆቹስ አድገው ይሆን? እኔ በሰውነቴ በኩል እንደ በሬ ነኝ። በሆዴ በኩል ግን ደህና አይደለሁም፤ እሱን ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

በመጀመሪያ ግን እስቲ ይህን ጽሕፈት እይልኝ። የማን እጅ ይመስልሻል? የወንድምሽ ነው! እስከ ዛሬ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ አብሮኝ የሚኖረው ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ ከእንግዲህ እሱ ፀጉሩን ይቁረጥ። የማታ ትምህርት ከገባሁ ወዲህ አስተማሪያችን «እንዳንተ ያለ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም» ብላኛለች። ምን ለማለት እንደፈለገች አልጠየቅኋትም፤ እኔ በምስጋና ወስጄዋለሁ። ፊደሎቼ እዚህም እዚያም ቢንጋደዱብሽ ጠረጴዛው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

በስልክ ያልነገርኩሽ በምክንያት ነው። ስልክሽ ሲጮህ የእማዬ ጆሮ ካንቺ ጆሮ ይቀድማል። ደግሞም እኔን ታውቂኛለሽ፤ ነገር ሲጠብብኝ ቀልድ ጣል አድርጌ እሾልካለሁ። ወረቀት ግን አይስቅልኝም። ስለዚህ ለአውቶቡሱ ሹፌር በእጅሽ እንዲያስረክብልኝ አደራ ብዬ ሰጥቼዋለሁ።

ይኸውልሽ እታለም። እማዬ የጉልበቷን የሐኪም ቀጠሮ ትታ እኔ ወደምሠራበት ፍል ውሃ ልትመጣ ስትነሳ «ውሃው እውነት ይፈውሳል ወይ?» ብለሽ ደውለሽልኝ ነበር። እኔም «በቃሬዛ የመጣ ሰው እየጨፈረ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ» አልኩሽ። በቃሬዛ የመጣውንስ አይቻለሁ። ሲጨፍር ግን አላየሁትም፤ የተመለሰውም በዚያው በቃሬዛው ነው።

እኔ ስቀጠር ውሃው በእርግጥ ከመሬት እየፈላ ይወጣ ነበር፤ እንቁላል ቢጣልበት ይበስላል። ከዚያ እያደር ለብ አለ፣ በመጨረሻም ጭራሽ ቀዘቀዘ። ባለቤቱ ምን አደረገ? ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ የጎጆ ቤት የሚያህል የብረት በርሜል አስተከለና ከሥሩ ምድጃ አሠራ። ከዚያ ፎጣ አዳይ የነበርኩትን እኔን ጠርቶ «ከዛሬ ጀምሮ እሳቱ ያንተ ነው፤ አፍህም ያንተ ነው፤ ሁለቱንም ጠብቅ» አለኝ። «የሙቀት ክፍል ኃላፊ ሆኜ ተሾምኩ» ብዬ ያስጻፍኩላችሁ ይህንን ነው። ከኃላፊው በታች አንድ ሠራተኛ የለም፤ ከበላዩም ያለው ጭስ ነው። የምድር ሆድ ያፈላዋል የምትሉትን ውሃ የማፈላው እኔ ወንድምሽ ነኝ፣ በመጥረቢያና በፍልጥ።

ያ የላክሁላችሁ የቀን መቁጠሪያ፣ እማዬ ዓመቱ ካለፈ በኋላም ከራስጌዋ አላነሳም ያለችው፣ እሱም ሌላ ጉድ ነው። ሥዕሉ ላይ ያለው አረንጓዴ ተራራና እንፋሎት የሚወጣው ሐይቅ የዚህ ስፍራ አይደለም፤ ማተሚያ ቤቱ ከየት እንዳመጣው እግዜር ይወቅ። እማዬ ግን ከአውቶቡስ ስትወርድ የምትፈልገው እሱን ነበር። ጉልበቷን እያሸች ግራ ቀኙን አየች። ያለው ቀለሙ የተላጠ ግድግዳ፣ የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ወንበርና ወረፋ ነው። «ተራራውስ?» አለችኝ። ከጀርባ ነው አልኳት። «ሐይቁስ?» ስትለኝ እድሳት ላይ ነው አልኳት። ሐይቅ ሲታደስ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እሷም ሰምታ አታውቅም። ግን ትክ ብላ አየችኝና «እንግዲህ ሐይቅም ያረጃል» ብላ አለፈችልኝ።

በመታጠቢያ ክፍሉና በእኔ ምድጃ መካከል ያለው አንድ ግድግዳ ነው፤ ከላይ ትንሽ የአየር መግቢያ አለችው። ለእሷ ብዬ ደረቅ ደረቁን ፍልጥ መርጬ ስማግድ ድምፅዋ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። «ይህን ውሃ ከመሬት ሆድ አፍልተህ ለእኔ ለምስኪኗ ያወጣህ አምላክ ተመስገን» ትላለች። እኔ መጥረቢያዬን ይዤ ቆሜያለሁ። እታለም፣ ብዙ ዓይነት ሌባ አለ፤ ለፈጣሪ የተላከ ምስጋና መንገድ ላይ ጠብቆ የሚቀበል ሌባ ግን እኔን አየሁ። ዞሬ ሄጄ ልነግራት ብድግ እላለሁ። ከዚያ ነገ እላለሁ። ሲነጋም ነገ እላለሁ።

አንድ ቀን ባለቤቱ የግቢውን በር አስተካክል ብሎ ጠራኝና እሳቱ ወረደ። ሴቶቹ «ኧረ በረዶ ነው! ኧረ ጨረሳችሁን!» እያሉ ግቢውን ቀወጡት። ሮጬ ስመለስ የእማዬ ድምፅ ከሁሉም በላይ ወጣ። «ምን ያስጮኻችኋል? የሚያሞቀውም ይደክመዋል እኮ!» አለቻቸው። ስለ ምድር የምትናገር መስሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ማታ የቀሚሷን ጫፍ ጥላሸት ነክቶት ሳይ እንኳ አልባነንኩም። እጄን ይዛ መዳፌን አገላበጠችው፤ የምድጃው በር ለብልቦት ቆዳው ተነስቷል። ምን ሆነህ ነው ስትለኝ «መጻፍ አብዝቼ ነው፤ ትምህርት እንዲህ ያቃጥላል» አልኳት። ሳቀችልኝ። ከዚያ ሻርፔ ተተርትሯል ብላ መርፌና ክር ጠየቀችኝ።

የሄደች ዕለት የአውቶቡሱን ደረጃ ምንም ሳትይዝ ወጣችው። ከላይ ሆና «አየህ? እንደ ልጃገረድ!» አለችኝ። ሹፌሩ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። አውቶቡሱ ሲዞር ግን በመስኮቱ አየኋት። የሄድኩ መስሏት ጎንበስ ብላ ሁለቱን ጉልበቶቿን ጨብጣለች፤ ፊቷ ጭምድድ ብሏል።

ቤት ገብቼ ትራሴን ሳነሳ ከሥሩ የሱፍ ሻርፗን አገኘሁት። ሻርፕነቱ ግን ቀርቷል። ተቆርጦ፣ አራት እጥፍ ሆኖ፣ በወፍራም ክር ተሰፍቶ፣ አውራ ጣት መግቢያ ወጥቶለት ሁለት ጓንት ሆኗል። ወፍራሙ በመዳፉ በኩል ነው። ለብርድ የተሰፋ ጓንት መዳፉ እንዲህ አይደረብም፤ የጋለ የብረት በር ለሚከፍት ሰው ነው እንጂ። ገባሽ እታለም? ከጀርባ ዞራ አይታኛለች። ካየችኝም በኋላ በየቀኑ እየገባች ታጠበች፤ ልጄ እንዳያፍር ብላም ተሻለኝ እያለች ሄደች። እኔ አሞኘኋት ስል እሷ ስታባብለኝ ነው የሰነበተችው። ሻርፕሽ የት ሄደ ብትያት ጠፋብኝ ትልሽ ይሆናል። አልጠፋም፤ እጄ ላይ ነው።

ትናንት እሱን እንዳጠለቅሁ ወደ በሩ ወጥቼ በምርኩዝ ለመጡ አንድ አዛውንት በጆሯቸው «አባቴ፣ ይሄ የምድጃ ውሃ ነው፤ ሐኪም ቤት ይሂዱ» አልኳቸው። «ምቀኛ! ወረፋዬን ልትቀማ!» ብለው ምርኩዛቸውን ሰነዘሩብኝ። እውነት መናገር ስላልለመድኩ ሳያምርብኝ ቀርቶ ይሆናል። ዛሬም እሞክራለሁ፤ ባለቤቱ ከሰማ መጥረቢያውን ይረከበኛል፣ ይረከበኝ።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ጉልበቷ አልተሻለውም። በእናንተ ፊት ቀጥ ብላ ብትሄድ እንዳታምኛት፤ ብቻዋን ደረጃ ስትወርድ ተደብቀሽ እያት። ሐኪሙ «ሕክምናው ከዘገየ ኋላ መራመድም ያቅታታል» ማለቱን አንቺው ነግረሽኛል፤ እኔ ነኝ ያዘገየሁት። በዚህ ሳምንት ውሰጂያት። «ልጄ ከሰማ ቅር ይለዋል» ብላ እምቢ ትልሻለች፣ አውቃታለሁ። ያኔ ይህን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች አንብቢላት። ማወቋን አውቄያለሁ በያት። ከእንግዲህ ለእኔ ብላ ጥርሷን ነክሳ ቀጥ ማለት የለባትም። እንደ ልቧ ታንክስ።

ለጋሼ እጅ ነስቻለሁ፤ ጥርሱን ግን ወደዚህ ውሃ እንዳያመጣብኝ። ለትልቁ ልጅሽ፣ አጎትህ ጽሕፈት በልጦሃል ብለሽ አስቆጪልኝ። ትንሿን ግንባሯን ሳሚልኝ። ያን የቀን መቁጠሪያ ከእማዬ ራስጌ አንሺው፤ እምቢ ካለች ይቆይ። የእማዬን ግን ሁለቱንም ጉልበቶቿን ሳሚልኝ። ቀስ ብለሽ፣ ያማታልና።

ወንድምሽ፣ የእሳቱ ኃላፊ

ከምድጃው ፊት ለፊት፣ በፍልጥ ክምር ላይ ተጻፈ
መጋቢት ፲፪ ቀን