ለእትዬ ዋሲላ ያስረዳኋቸው ቃላት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሙቀት። ሱቁን ሁለት ሰዓት ላይ ከፈትኩ። ሦስት ስልክ ጠገንኩ፣ አንዱ አልነሳም አለ። ወደ አብርሃ ጅራ የሚሄዱ የሰሊጥ አጫጆች ዳታ ለማስሞላት ተሰለፉ። አንደኛው፣ በአነጋገሩ ጎጃሜ፣ «ዳታና ኢንተርኔት አንድ ነው እንዴ?» አለኝ። ኢንተርኔት ስልኮች ሁሉ የሚገናኙበት መስመር ነው፣ ዳታ ደግሞ በዚያ መስመር እንድትጠቀም የምትገዛው ልክ ነው፣ ሲያልቅ መስመሩ አለ፣ አንተ ግን አትገባም... አልኩት። ገባው። ሳንጃ ከተማ ሳስተምር ለዚህች አንድ ክፍለ ጊዜ ይሄድብኝ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ሁለት ዓመት። ዝናሽን ከቀበርኩ ሦስት ወር። ካላዛር፣ የአሸዋ ዝንብ የሚያስይዘው በሽታ። ሐኪም ቤት ስናደርሳት ዘግይተን ነበር። ሰው ሚስቱን ቀብሮ ሳያለቅስ ሦስት ወር ይቆያል? እኔ ቆየሁ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እጠግናለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ሙባረካ ከድንበር ማዶ፣ ከገዳሪፍ፣ ድምፅ ላከች። የእትዬ ዋሲላ ልጅ ናት፣ እዚያ አግብታ ነው የምትኖር። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ኔትወርክ ባገኘች ቀን ብቻ ትልካለች። ሱቁ የእትዬ ዋሲላ ነው፣ ግማሹ የእሳቸው ቶብ፣ ሴቶች የሚከናነቡት ልብስ፣ እና ሽቶ፣ ግማሹ የእኔ መጠገኛ። ማንበብ መጻፍ ስለማይችሉ የመልእክት አፑን የምከፍትላቸው እኔ ነኝ። እሳቸው በድምፅ ብቻ።

«እናቴ ደህና ነኝ። በልተሻል?» ሁሌ ይኸው ነው። ሦስቴ አደመጡት። ከኋላ ዶሮ ይጮሃል። «ዶሮ ገዝታለች ማለት ነው» አሉ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

እትዬ ዋሲላ ለሰላት እንደወጡ ስልካቸው ጠራ። አነሳሁት። ሰውየው ትሑት ነው። «ከድርጅቱ ነው የምንደውል። ቁጥርዎ ሊዘጋ ስለሆነ አሁን የደረሰዎትን ስድስት ቁጥር ያንብቡልን።»

አነበብኩለት። አመሰግናለሁ ብሎ ዘጋ።

አሁን ልጽፈው ስል እጄ ቆመ... ምንድን ነው ያነበብኩለት?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

አካውንቱ ተወስዷል። ስከፍት ፓስዎርድ ጠየቀኝ። እኛ ያላበጀነው ፓስዎርድ። ሰባት ቀን ጠብቁ ይላል፣ ከዚያ አሮጌው ጠፍቶ ባዶ ይከፈታል። የሙባረካ ቁጥር እዚያ ውስጥ ብቻ ነበር። ሲም ሦስቴ ቀይራለች፣ ወረቀት ላይ አልያዝነውም። በቀጥታ መስመር ደግሞ ከገዳሪፍ ስልክ አይገባም።

«የሚደርሳችሁን ኮድ ለማንም አታንብቡ።» ይህን ለዐሥራ አንደኛ ክፍል ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሰሌዳው ላይ ሁለቴ አስምሬበት።

ለእትዬ ዋሲላ «ሌባ ወስዶታል» አልኳቸው። የቀረውን አልተናገርኩም። ማፈር ነበረብኝ። ፈለግኩት፣ ሐፍረቱን። የለም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

በርጩማቸውን ወደ መጠገኛው አስጠግተው ተቀመጡ።

«ከሥሩ አስረዳኝ። ምኑን ነው የወሰደብኝ? ስልኬ ይኸው እጄ ላይ ነው።»

«ስልኩን አይደለም፣ አካውንቱን ነው። አካውንት ማለት... አፑ እርስዎን የሚያውቅበት መዝገብ ነው። ስምዎ፣ ቁጥርዎ፣ የተላከልዎ ሁሉ የሚቀመጥበት።»

«ስልኬ ውስጥ ካልሆነ የት ነው የሚቀመጥ?»

«ሰርቨር የሚባል ትልቅ ኮምፒውተር አለ። ሌላ አገር። ሙባረካ ስትልክ መጀመሪያ እዚያ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ እርስዎ ይመጣል።»

«ማን አገር?»

«አላውቅም።»

«የልጄ ድምፅ ማን አገር እንዳለ ሳታውቅ ነው ስታስደምጠኝ የከረምክ?»

 ደንበኛ መጣ፣ ተነሡ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ዛሬ ደግሞ ማውረድ። ዳውንሎድ። ሰርቨር ላይ ያለውን ነገር ወደ ራስህ ስልክ አምጥተህ ማስቀመጥ ነው አልኳቸው። ካወረዱት በኋላ ዳታ ባይኖርም፣ አካውንቱ ቢጠፋም፣ ከእጅዎ አይወጣም።

ብዙ ሳይቆዩ ጠየቁኝ። «ታዲያ የሙባረካን ድምፅ ለምን አላወረድክልኝም?»

ለምን አላወረድኩም? ሁለት መጫን ብቻ ነው የሚፈልግ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

መጣ። የፈራሁት ጥያቄ፣ መምጣቱን አውቅ ነበር።

ፓስዎርድን አስረዳኋቸው፣ አንተ የምትመርጠው፣ አንተ ብቻ የምታውቀው ምሥጢር ነው ብዬ። ቀጥለን ወደ ኮድ። «ኮድ አፑ ራሱ የሚልከው ቁጥር ነው። አንድ ሰው በእርስዎ ስም ልግባ ሲል፣ በእርግጥ እርስዎ መሆንዎን ለማወቅ ወደ እርስዎ ስልክ ይልካል። አንዴ ብቻ ነው የሚሠራ።»

«ወደ እኔ ስልክ።»

«አዎ።»

«ታዲያ ሌባው የኔን ኮድ ከየት አገኘው?»

ካቻቢቴውን አስቀመጥኩ። «እኔ ነኝ ያነበብኩለት። ሰላት ላይ ነበሩ። ደወለ፣ አንብብ አለኝ፣ አነበብኩ።»

አልጮኹም። ዘርግተውት የነበረውን ቶብ ለአራት አጠፉት፣ መልሰው ዘረጉት፣ እንደገና አጠፉት።

«ኸላስ። ለዛሬ ይበቃል» አሉ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

አልመጡም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

መጡ። ሰላምታ የለም። በርጩማው ላይ ተቀምጠው «ቀጥል» አሉ።

ቀጠልኩ። ብራውዘር ድረ ገጾችን የሚከፍት አፕ ነው። ድረ ገጽ ማንም ገብቶ እንዲያየው የተዘጋጀ ገጽ ነው፣ የየራሱ አድራሻ አለው። መጻፍ ካልቻሉ የማይኩን ምልክት ተጭነው ይናገራሉ፣ እሱ ይፈልጋል። ተጭነው «ገዳሪፍ» አሉ። ሥዕል ወጣ፣ ገበያው። ስልኩን ከዓይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት። ሥዕሉ የቆየ መሆኑን አልነገርኳቸውም። በኋላ ግን ነገርኳቸው።

ከሰዓት መልእክት ገባላቸው። ሽልማት ደርሶዎታል፣ ከሥሩ ሰማያዊ ጽሑፍ።

«ይኸስ?»

«ሊንክ ነው። ሲነኩት ወደ ሌላ ገጽ ይወስድዎታል።»

«ወዴት?»

«ሳይነኩት በእርግጥ አይታወቅም። እንዲህ እያደረጉ ሰውን የሚያጠምዱ አሉ።»

«የላከውን ሳላውቅ ማን ቤት ልገባ ነው?» ብለው እንዴት እንደሚጠፋ ጠየቁኝ። በራሳቸው ጣት አጠፉት።

ለምን አያባርሩኝም?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ሰባተኛው ቀን። ተከፈተ። ባዶ። ስም እንኳ የለበትም። አዲስ ፓስዎርድ አደረግንለት፣ እሳቸው መረጡ፣ እኔ ፊቴን አዞርኩ።

«አሁን እሷ ስትልክ ይመጣል?»

«የድሮውን አፑ ስለሰረዘው... ቁጥርዎን በቃሏ ካወቀች ልትፈልግዎ ትችላለች።»

«ታውቀዋለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያልቀየርኩት ቁጥር ነው።»

ግን አልመጣም። ለምን? ታውቀዋለች ካሉ ለምን አትፈልጋቸውም?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ዝምታ። ስልካቸውን በቀን ሃያ ጊዜ ያያሉ። ከድንበር ማዶ፣ ከገላባት፣ የሚሻገሩትን ሁሉ ስለ ገዳሪፍ ይጠይቃሉ።

ጎረቤታችን ሐጂ ሙሐመድጣሂር አዲስ ስልክ ገዝተው መጡ። ስለ ኮድ ያስረዷቸው እትዬ ዋሲላ ናቸው፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እሠራለሁ። «ቁጥር ይልክልሃል። በደዋይ አትመን፣ አታንብብለት። አስተማሪም ቢሆን ያነባል፣ ልቡ ሌላ ቦታ ሲሆን።»

ስሜን አልጠሩም። ፊቴ ጋለ። ሙቀቱ ነው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ረፋድ ላይ ባጃጅ ቆመ። አንዲት ሴት ወረደች፣ ቶቧ በአቧራ ቀለሙ ጠፍቷል፣ እግሯ አብጧል። በሩ ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም። እትዬ ዋሲላ ቀና አሉ።

«አለሽ?» አለቻቸው።

«አለሁ።»

ልጃቸው ናት። ሙባረካ መሬት ላይ ተቀምጣ እግራቸውን ይዛ ቀረች።

ውኃ ከጠጣች በኋላ ነገረችን። ከእናቷ አካውንት በጽሑፍ መልእክት ደረሳት፣ ታምሜያለሁ፣ ብር ላኪ የሚል። «እናቴ መቼ ነው መጻፍ የተማረች? በድምፅ አናግሪኝ አልኩ። ወዲያው ብሎክ አደረገኝ።»

እትዬ ዋሲላ ወደ እኔ አዩ። «ብሎክ ምንድን ነው?»

«መልእክቷ እንዳይደርስ መዝጋት» አልኩ።

«እናቴ ሞታ ሰው ስልኳን ወስዷል አልኩ» አለች ሙባረካ። «ከዚያ ወዲያ ማንን ልፈልግ? መኪና ስጠብቅ ሰነበትኩ። አራት ቀን ጭነት ላይ እያለቀስኩ መጣሁ። ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁ።» ባሏ ቤቱን ልጠብቅ ብሎ ቀርቷል። መመለሻ መንገድ መኖሩን አታውቅም።

እናቷ ምንም ከማለታቸው በፊት ተናገርኩ። «ኮዱን ለሌባው የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ ባትሰጥ ዛሬ እናቴን አላያትም ነበር» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «ባሌንም ብቻውን አልተወውም ነበር።»

የትኛውን እንደፈረደችብኝ አላውቅም። እሷም የምታውቅ አልመሰለኝም።

ወደ ጓሮ ወጣሁ። በሕይወት ላለች እናቷ አራት ቀን አልቅሳለች። እኔ... በርሜሉ ላይ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። ግን ደረቴን አመመኝ። የእውነት ሕመም። እጄን አደረግሁበት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ሳንጃ ደወልኩ። እማማ አሰበች ጋ፣ የዝናሽ እናት። ከአርባዋ ወዲህ ደውዬላቸው አላውቅም።

«አንዱአምላክ ነኝ» አልኩ።

«ልጄ። እህል ትበላለህ?»

ሌላ የምለው ነበረኝ፣ አዘጋጅቼው ነበር።  ሐኪም ቤት ዘግይቼ ነው ያደረስኳት ልል ነበር። የወጣው የልቅሶ ድምፅ ብቻ ነው። ሱቅ ውስጥ መሆኔንም ረሳሁ። እትዬ ዋሲላ ተነሥተው በሩን ገጠም አደረጉት።

እማማ አሰበች ዝም በል አላሉኝም። እሳቸውም ሲያለቅሱ ይሰማሉ፣ እዚያ ማዶ፣ ቀስ ብለው።

ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ አልዘጉትም።